አሮጌው ትራክተርና አዲሱ ሎደር

የባለቤቴ ወንድም ከአሰላ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ነው፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር በጨረታ ገዛ፡፡ ስናየው ጎማዎቹ ተንፍሰዋል፣ ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሏል፣ ከወንበሩ ሥር ዶሮ ጎጆዋን ሠርታለች፡፡ እኔ የተማርኩት ሕግ ነው፤ የተጠራሁትም የሽያጩን ውል እንዳነብ ነበር፡፡ ውሉን አንብቤ ሳልመለስ ቀረሁና አራት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን ጋራዥ ውስጥ ጨረስኩት፡፡

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ብረት በየጓሮው አስቀምጧል፡፡ አድሶ፣ ከፊቱ ሎደር ገጥሞ ፍግ ማውጣት፣ አፈርና አሸዋ መጫን የሚያስብም አይጠፋም፡፡ ለእነዚህ አንባቢዎች ያየሁትን በቅደም ተከተል ላካፍል፡፡ ፍሬ ነገሩን ግን አስቀድሜ ልናገር፡፡ ማደሱ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ሎደሩ ነው፡፡ ሎደር የተገጠመለት ትራክተር የቀድሞው ትራክተር አይደለም፤ ሌላ ማሽን ሆኗል፡፡

ምን ዓይነት ማሽን ነው?

ማሴ ፈርጉሰን 135 እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ የቀረበ፣ በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ ሲሠራ የነበረ ትራክተር ነው፡፡ አብዛኞቹ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር አላቸው፡፡ ሞተሩ 2.5 ሊትር ገደማ ሲሆን ጉልበቱ 45 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው፡፡ የትራክተሩ ክብደት ወደ አንድ ቶን ተኩል ይጠጋል፡፡ በዛሬው ሚዛን ትንሽ ነው፤ ለአትክልት ቦታ፣ ለበረትና ለግቢ ሥራ ግን ልክ ነው፡፡ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር የለበትም፡፡ መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው ፈትቶ ሊገጥመው ይችላል፡፡

እድሳቱ ከየት ይጀመራል?

የመጀመሪያው ስህተት ባትሪ ገጥሞ በሞተሪኖ ለማስነሳት መቸኮል ነው፡፡ ዓመታት የቆመ ሞተር ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ በኃይል ሲያዞሩት ይሰበራል፡፡ የእኛ መካኒክ የናፍጣ መርጫዎቹን ፈታ፣ በየሲሊንደሩ ናፍጣና ዘይት ቀላቅሎ ጨመረና «በሉ አሁን ወደየቤታችሁ» አለን፡፡ ከሳምንት በኋላ ሞተሩን በእጅ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቀሰው፡፡ በሦስተኛው ሳምንት ዞረ፡፡

ቀጥሎ ዘይቱ ይታያል፡፡ ወተት የመሰለ ዘይት ከወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታታው ራሱ መመርመር አለበት፡፡ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ተራግፎ ይታጠባል፣ ፊልትሮው ይቀየራል፣ ያረጁ የጎማ ቱቦዎች በሙሉ ይጣላሉ፡፡ ራዲያተሩ ይታጠባል፣ የውሃ ፖምፓውና ቺንጋው ይፈተሻሉ፡፡

ከዚያ ስፑርጎ ይደረጋል፡፡ የናፍጣ ሞተር በመስመሩ ውስጥ ጥቂት አየር ካለ አይነሳም፡፡ መጀመሪያ በፊልትሮው ላይ ያለው የአየር መውጫ ቡሎን ይላላና አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪፈስ ይጠበቃል፡፡ ቀጥሎ በናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለው፣ በመጨረሻ ወደ መርጫዎቹ የሚሄዱት ቱቦዎች እንዲሁ ይደረጋሉ፡፡ ቅደም ተከተሉን የዘለለ ሰው ባትሪውን ጨርሶ መካኒክ ፍለጋ ይሄዳል፡፡

ሞተሩ ሲነሳ ሁላችንም አጨበጨብን፡፡ መካኒኩ ግን አላጨበጨበም፡፡ «ጋሼ፣ የሚነሳ ትራክተርማ ብዙ ነው፤ የሚቆም አሳዩኝ» አለኝና ወደ ፍሬኑ ሄደ፡፡ የዚህ ትራክተር ፍሬን ያለው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ብቻ ነው፡፡ የፊት ጎማዎቹ ፍሬን የላቸውም፡፡ ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ፡፡

ሻንሲ የሌለው ብረት

የጭነት መኪና ሻንሲ አለው፤ ሞተሩና ካምቢዮው በሻንሲው ላይ ይቀመጣሉ፡፡ እንዲህ ያለ ትራክተር ግን ሻንሲ የለውም፡፡ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላ አክስሉ እርስ በርስ በቡሎን ተያይዘው ራሳቸው የጀርባ አጥንት ሆነዋል፡፡

በየከተማው ጎበዝ የብየዳ ባለሙያዎች አሉን፡፡ ሎደር ሥሩልን ሲባሉ አንዳንዶቹ ሁለት ቋሚ ብረት ከሞተሩ ጎንና ከፊት አክስሉ መያዣ ጋር አስረው ክንዶቹን ይሰቅላሉ፡፡ ለጊዜው ይሠራል፡፡ ነገር ግን ትራክተሩ አፈር ለመዛቅ ወደፊት በተገፋ ቁጥር ያ ሁሉ ኃይል የሚያርፈው ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፡፡ ውሎ አድሮ ቡሎኖቹ ይላላሉ፣ ወይም ቀላጭ ብረቱ ይሰነጠቃል፡፡ ቀላጭ ብረት ደግሞ እንደ ላሜራ በቀላሉ የሚበየድ አይደለም፡፡

ትክክለኛው አሠራር ከፊት እስከ ኋላ አክስል ድረስ በግራና በቀኝ የሚሄድ ወፍራም ብረት ማዘጋጀትና የሎደሩን ቋሚዎች በዚያ ላይ ማቆም ነው፡፡ ግፊቱ በሞተሩ በኩል ከማለፍ ይልቅ በዚህ ብረት በኩል ወደ ኋላ አክስል ይሄዳል፡፡ ትራክተሩን መብሳት አያስፈልግም፤ በየቦታው ፋብሪካው ያዘጋጃቸው የቡሎን ቀዳዳዎች አሉ፡፡

የፊት አክስሉም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፡፡ መጀመሪያ የተሠራው የሞተሩን አፍንጫ ለመሸከም ነው፡፡ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ፒኖችና ቡሾች ካረጁ ሎደሩ ከመገጠሙ በፊት በቶርኖ ቤት መታደስ አለባቸው፡፡ የጎማው ቸርኬና ኩሽኔታም እንዲሁ፡፡ መሪው በእጅ ጉልበት ብቻ የሚዞር ከሆነ ከጭነት ጋር ክንድ ይሰብራል፤ የዘይት እገዛ ያለው መሪ ማስገጠም ይሻላል፡፡

የዘይቱ ጉዳይ

ትራክተሩ የራሱ የሃይድሮሊክ ፖምፓ አለው፤ የተሠራው ግን ማረሻ ለማንሳት ነው፡፡ የሚገኘውም ከኋላ በካምቢዮው ዘይት ውስጥ ነው፡፡ ለሎደር ዘገምተኛ ይሆናል፡፡ ሒሳቡ ቀላል ነው፡፡ ስፋታቸው 60 ሚሊ ሜትር፣ ምታቸው 60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የማንሻ ሲሊንደሮች ለመሙላት 3.4 ሊትር ያህል ዘይት ይፈልጋሉ፡፡ በደቂቃ 15 ሊትር የሚሰጥ ፖምፓ ክንዶቹን ለማንሳት 14 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፡፡ 30 ሊትር የሚሰጠው በ7 ሰከንድ ይጨርሳል፡፡ ስለዚህ የሚመረጠው ከሞተሩ ፊት የሚዞር ሌላ ፖምፓ፣ የራሱ የዘይት ማጠራቀሚያና የራሱ ፊልትሮ ነው፡፡ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ዘይቱን የሚመልስ ቫልቭ የግድ ያስፈልጋል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፡፡ ቱቦው ያፈሰሰበትን ቦታ በእጅ ዳስሶ መፈለግ አደገኛ ነው፡፡ በከፍተኛ ግፊት በቀጭኑ የሚወጣ ዘይት እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ይገባል፡፡ ቁስሉ ትንሽ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን እጅ እስከማስቆረጥ ሊደርስ ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፡፡ ለፍተሻ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ክንዶቹን መሬት አውርዶ ግፊቱን መልቀቅ፤ ግፊት ባለበት ማየት ግድ ከሆነ ደግሞ ከሩቅ በካርቶን መፈተሽ ነው፡፡ ተነስቶ ከቆመ ክንድ ሥር መግባትም ክልክል ነው፡፡

የሚዛን ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፡፡ ልጆች የሚጫወቱበትን ዥዋዥዌ እንጨት ያስቡ፡፡ መሐሉ ላይ ያለው ድጋፍ የፊት ጎማው ነው፡፡ ከአንድ ወገን ባኬቱ፣ ከሌላው ወገን የትራክተሩ ጀርባ አለ፡፡

በዚህ ትራክተር የፊትና የኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 1.8 ሜትር ገደማ ነው፡፡ ክንዶቹ ሲዘረጉ ባኬቱም ከፊት ጎማው 1.8 ሜትር ያህል ርቋል እንበል፡፡ በውስጡ 500 ኪሎ ጭነት ቢኖር ከኋላ ጎማዎቹ ላይ 500 ኪሎ ይቀንሳል፣ በፊት አክስሉ ላይ ደግሞ 1,000 ኪሎ ይጨምራል፡፡ የሎደሩን የራሱን ብረት ገና አልቆጠርንም፡፡ 500 ኪሎ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የአንድ ሜትር ኩብ ሲሶ እንኳ የማይሞላ እርጥብ አፈር ነው፡፡ ያው ባኬት ፍግ ቢሞላ ከዚህ ግማሽ ላይደርስ ይችላል፡፡ ዓይን ሁለቱንም «አንድ ባኬት» ብሎ ነው የሚያየው፡፡ በዚያ ላይ እየወረደ ያለ ጭነት ድንገት ሲቆም ለቅጽበት ከክብደቱ በላይ ይጎትታል፡፡

መፍትሔው ከኋላ ነው፡፡ 60 በ60 በ46 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ብሎክ 400 ኪሎ ያህል ይመዝናል፡፡ ይህን በማረሻው ማንሻ ክንዶች ላይ፣ ከኋላ አክስሉ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ቢሰቅሉት ለኋላ ጎማዎቹ 600 ኪሎ ይጨምራል፣ ከፊት አክስሉ 200 ኪሎ ያነሳል፡፡ በኋላ ጎማዎቹ ውስጥ ውሃ መሙላትም ይረዳል፡፡ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር፤ ከጠቅላላ ወጪያችን ሁሉ ርካሹ ይህ ነበር፡፡

ያቺ ከሰዓት

እኛ ግን ብሎኩን አላዘጋጀንም ነበር፡፡ ሎደሩ የተገጠመ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ሊያየው ጓጉቷል፡፡ መካኒኩ «ብሎኩ ይድረቅና» ብሎ ነበር፡፡ «ለዛሬ ግድ የለም፣ አንድ ሁለት ባኬት ብቻ» ያልኩት እኔ ነኝ፡፡ ሌላ ሰው ላይ ላላክክ አልችልም፡፡

የግቢው መሬት ወደ በረቱ ያዘቀዝቃል፡፡ የባለቤቴ ወንድም እርጥብ አፈር ከምሮ ዛቀ፣ ቁልቁል ነዳ፣ ክንዶቹን እያወረደ ሳለ ድንገት አቆማቸው፡፡ የትራክተሩ ጀርባ ብድግ አለ፡፡ ፍሬኑን ረገጠ፤ ግን የትኛውን ጎማ ይያዝለት? ፍሬን ያላቸው ጎማዎች አየር ላይ ናቸው፡፡ ትራክተሩ በሁለቱ የፊት ጎማዎች ቁልቁል ተንሸራተተ፡፡ ከፊት ለፊት የስምንት ዓመት ልጁ ቆሞ ያያል፡፡ ደግነቱ ባኬቱን ሙሉ በሙሉ ወደ መሬት ለቀቀው፡፡ ባኬቱ መሬቱን ነክሶ ልጁ ጋ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፡፡

ማንም አልተጎዳም፡፡ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 ስለ ማሽኖችና ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ይናገራል፡፡ የማሽኑ ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፡፡ ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም፡፡ ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ማሽኑ ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ነው የሚድነው፡፡ «አላጠፋሁም» የሚለው መከላከያ እዚህ ብዙም አያራምድም፡፡ ተማሪ ሳለሁ ይህን ቁጥር ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው፡፡ ሕጉ የሚለው አጭር ነው፤ ጥቅሙን የሚያገኝ ሰው አደጋውንም ይሸከም፡፡

አርሲ ላይ ይህ ጥያቄ የቆየ ነው፡፡ በ1960 ዓ.ም. ካዱ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በስዊድን ድጋፍ ተጀመረ፡፡ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፣ ምርት ጨመረ፡፡ በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣ ያዩ ባለርስቶች ግን ጢሰኞቻቸውን ከመሬቱ ማፈናቀል ያዙ፡፡ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የባለርስትና የጢሰኛን ሥርዓት እስኪያፈርስ ድረስ ጥቅሙን አንዱ ሲወስድ ዋጋውን የከፈለው ሌላው ነበር፡፡ ትራክተሩ ጥፋት አልነበረበትም፤ ብረት ነው፡፡ ከፊቱ ማን እንደቆመ አለማየት የሰው ሥራ ነው፡፡

ያችው ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተሮች ሁሉ ሲገለበጡ ሹፌሩን የሚያድን የብረት ከለላ እንዲኖራቸው በሕግ አስገደደች፡፡ በጊዜ ሂደት በመገልበጥ የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ ወረደ፡፡ የእኛ አሮጌ ትራክተር ከለላ አልነበረውም፡፡ አሁን ከነቀበቶው አለው፤ ከኋላ አክስሉ ጋር በወፍራም ቡሎን የታሰረ ነው፡፡

ዛሬ ትራክተሩ ይሠራል፡፡ ደንቦቻችንም ጥቂት ናቸው፡፡ ብሎኩ ሳይሰቀል ሎደሩ አይነሳም፡፡ ጭነት የያዘ ባኬት ከመሬት ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አይጓዝም፡፡ ባኬት ላይ ሰው አይሳፈርም፡፡ ሥራ ሲያበቃ ባኬቱ መሬት ላይ ይውላል፣ ቁልፉ ኪስ ይገባል፡፡ ትራክተሩ ሲነሳ ልጁ አጥሩ ላይ ወጥቶ ያያል፤ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ፡፡