ኤስኤስኤች

ራቅ ያለን ሰርቨር በጽሑፍ ትእዛዝ ለማስተዳደር የሚያገለግል የተመሰጠረ የግንኙነት ሥርዓት። ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የነበረው ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር ያስተላልፍ ነበር። በተለምዶ ፖርት 22ን ይጠቀማል።

የሚያመላልሰው ጥቂት ጽሑፍ ስለሆነ ደካማ ኔትወርክም ይበቃዋል፤ ጣና ዳር ቁንዝላ ላይ ሆኖ፣ በሞባይል ዳታ ብቻ፣ ባሕር ዳር ያለን ሰርቨር ማስተካከል ይቻላል። አሳሳቢው መስመሩ ሲቋረጥ ነው፤ የተጀመረ የሶፍትዌር ማሻሻያ መሀል ላይ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሰርቨሩ ላይ «ቲመክስ» የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ ሥራውን በውስጡ መጀመር ያስፈልጋል። መስመሩ ቢቋረጥም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፤ ባለሙያው ተመልሶ ሲገባም እንደቀጠለ ያገኘዋል።

በይለፍ ቃል ፈንታ በዲጂታል ቁልፍ መግባት እጅግ የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል። የይለፍ ቃሉን መግቢያ ከመዝጋትዎ በፊት ግን ቁልፉ መሥራቱን በሌላ መስኮት ያረጋግጡ።