የቦሌ እሑድ የማን ነበር?



ሰኔ 30 ሒሳብ ስንዘጋ ከደጋፊዎቻችን አንዱ በአክብሮት አንድ ጥያቄ አነሱልን። የስፌቱ፣ የዶሮ እርባታውና የቁጠባና ብድሩ ወጪ ይገባናል፤ “የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ” የሚለው መደብ ግን ለምን አስፈለገ? ለሥጋ፣ ለከሰልና ለሥዕላዊ መጽሐፍ የወጣ ገንዘብ የሴቶችን ኑሮ እንዴት ያሻሽላል? እኛ ከመዝገቡ ጋር የምንውል ሰዎች መልሱን በአንድ መስመር ማብራሪያ ለማስገባት ሞከርን፤ አልበቃንም። ነገሩ ታሪክ ያለው ስለሆነ እዚህ ልንጽፈው ወሰንን።

በሳምንት ሁለት ቀን ማረፍ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና እንድትከበር ወስኗል። ከዚያ በፊት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ለዚህች ቅዳሜ ሲሉ ብዙ ተንገላተዋል። በሬውም ሞፈሩም በሰንበት ያርፉ ነበር። ውሃ መቅዳትና እሳት ማንደድ ግን አላረፈም፤ እንግዳም ቢሆን የሚመጣው በሰንበት ነው።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ቦሌን ቦሌ ያደረጋት አውሮፕላን ነው። የልደታው ማረፊያ ለጄት ስላልበቃ አዲሱ በምሥራቅ በኩል፣ የእርሻና የግጦሽ መሬት በነበረበት ሜዳ ላይ ተሠራ። በ1955 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዎቹ ጄቶች ገቡ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ ከተማ ተመሠረተ። እንግዶቹ የሚያልፉበት ሰፊ መንገድ ግራና ቀኙን በቪላ ተሞላ። ከፊት ሣርና ጽጌረዳ፣ ከኋላ ደግሞ ሰርቪስ። የቦሌን ታሪክ ሲጽፉ ስለ ፊተኛው ግቢ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። እኛ የምናውቀው ሰርቪሱን ነው፤ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ያደጉት ወይም የሠሩት እዚያ ነውና።

ከመካከላችን በዕድሜ ታላቋ እናታችን ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት ቀድመው፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ የውጭ አገር ሰዎች በተከራዩት አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥረው ነበር። እሑድ እሑድ በግቢው ባርቤኪው ይደረጋል። ዘበኛው በቁመቱ በተሰነጠቀ በርሜል ላይ ከሰል ያቀጣጥላል፤ እርሳቸው ከቅዳሜ ጀምረው ሥጋውን ይቆርጣሉ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ይለውሳሉ። የጭሱ ሽታ እስከ ጎረቤት ይሄዳል። እንግዶቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ እናታችን ሳህን ሲያጥቡ ይመሻል። “እሑድ ለእኔ ከሰባቱ ቀን የምትከብደዋ ነበረች” ይላሉ። ይህን ሲናገሩ ቂም የላቸውም፤ ደመወዛቸው በጊዜው ይከፈላቸው እንደነበረም መመስከር ይወዳሉ።

የእርሳቸው መዝናኛ የተጣለው ወረቀት ነበር። የቤቱ ልጆች አንብበው የጣሉትን የጀብዱ ሥዕላዊ መጽሔት ሰብስበው ፍራሻቸው ሥር ያስቀምጡታል። ቋንቋውን አያውቁም፤ በአማርኛም ቢሆን ማንበብ አልተማሩም። ሌሊት በሻማ ሥዕሉን ከሳጥን ወደ ሳጥን እየተከተሉ ታሪኩን ራሳቸው ይፈጥሩት ነበር። መርከብ የሚሰብር ማዕበል፣ ከገደል የሚንጠለጠል ጎልማሳ። “ሴቷ ሁልጊዜ ታስራ ነው የምትገኘው፤ እኔ ግን በልቤ እፈታት ነበር” ብለው ሲነግሩን ስንስቅ ዋልን።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። ሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የዚያ ቪላ ነዋሪዎችም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዘመኑ ብዙ እናቶችን ያስለቀሰ ነውና አናሞግሰውም። ሆኖም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እናታችንን ፊደል አስቆጥሯቸዋል። ትምህርቱ ከሥራ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ነበር። ያኔ ያነበቡትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እስካሁን በቃላቸው ይሉታል።

ማንበብ ላልቻሉትም ሬዲዮ ነበር። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ሲተርክ ስንት ሴት ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ ሆና እንዳደመጠችው ማን ይቆጥረዋል? መጽሐፍ ሁለት እጅ ይይዛል፤ ሬዲዮ ግን እጅን ነፃ ይተዋል። የእናቶቻችን መዝናኛ ሁሉ ይህን የሚመስል ነበር፣ ከሥራ ጋር አብሮ የሚሄድ። የቡና ሥርዓትን እንኳ ዕረፍት ነው እንላለን እንጂ ከአቦል እስከ በረካ የምትነሣዋና የምትቀመጠዋ ያው አንዷ ናት።

የእኛ ዕድሜ ሰዎች ልጅነት ደግሞ በቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥን ባለው ጎረቤት ቤት ቁርበት ላይ ተደርድረን አባባ ተስፋዬን እንጠብቃለን። ተረቱ ሊያልቅ ሲል ግን “አንቺ፣ ተነሺና ጀበናውን እይው” የሚል ድምፅ ይመጣል። ወንድሞቻችንን ያስነሣ ሰው አናስታውስም። እነርሱ ከፍ ሲሉ ሳንቲም ከፍለው ቪዲዮ ቤት ገቡ፤ የሕንድና የካራቴ ፊልም አዩ። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ታየች ከተባለ ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ፊልሙን ያየነው በወንድሞቻችን አፍ ነው፤ ልብስ ስንተኩስ ይተርኩልናል፣ እያጋነኑም ቢሆን።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሰፈሩ ሌላ ሆነ። ገርጂ የኮንዶሚኒየም ሙከራ ተሠራበት፤ ከዚያ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ተከተሉ። ቪላው ለአንድ ቤተሰብ የነበረውን ግቢ ኮንዶሚኒየሙ ለመቶ አባወራ አደረገው፤ ለማረድና እንጀራ ለመጋገር የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤትም ተሠራለት። ባርቤኪው በሌለበት ቅርጫ አለ። እኛ የሒሳብ ሰዎች ቅርጫን ስናይ ደስ ይለናል። ገንዘቡ አስቀድሞ ይዋጣል፣ በሬው ይገዛል፤ አራጁ ከሻኛው፣ ከጎድኑ፣ ከፍሪምባው፣ ከጉበቱ ለእያንዳንዱ መደብ እኩል እየቆረጠ ይደለድላል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ቆራጩ የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ ስለማያውቅ ለማንም ሊያዳላ አይችልም። ቆዳው ተሸጦ ገቢው ይመዘገባል። ከዚህ የተሻለ የውስጥ ቁጥጥር በኮሌጅ አልተማርንም። መደብ የሚለውን ቃል እኛም አራጁም የምንጠቀምበት ያለ ነገር አይደለም።

ጥያቄው ግን በቪላው ዘመን የነበረው ነው። ሰርቪሱ ዛሬም አለ፤ ከኮንዶሚኒየሙ ሳሎን ጥግ በተነጠፈች ፍራሽ ተተክቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል። ነገር ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ወሰን ውጭ ስለሆነ የቤት ሠራተኛ በዚህ አትጠቀምም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ያጸደቀው ቁጥር 189 ስምምነት ለቤት ሠራተኛም ይህንኑ 24 ሰዓት ይላል። ከአባሎቻችን መካከል ወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ለመገኘት አሠሪዎቻቸውን “ለቅሶ አለብኝ” ብለው የሚያስፈቅዱ አሉ። ለመዝናናት ብለው ቢጠይቁ ማን ይፈቅድላቸዋል?

የወጪ መደቡም የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። በዓመት ሁለት እሑድ፣ ከጾም ውጭ፣ ማኅበሩ ግቢ ይከራያል። አንድ በሬ በቅርጫ ይታረዳል፤ ለሙስሊም እህቶቻችን በራሳቸው አራጅ በግ ይታረዳል፣ ስለዚህ ደረሰኙ ሁለት ነው። ከሰሉን የሚያቀጣጥሉትና ሳህኑን የሚያጥቡት በቀን ሒሳብ የሚከፈላቸው ወጣት ወንዶች ናቸው። ይህንን ወጪ ለመቀነስ “ራሳችን እንጠብ” የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በጉባኤው ወድቋል።

የመጽሐፉ ወጪም ከዚህ አይለይም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ በብሥራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ ጀምበር የተባለውን ኢትዮጵያዊ ጀግና፣ ቀጥሎም ሴቷን ጀግና ሐዊን በሥዕላዊ መጽሐፍ አወጣ። ብሩክታዊት ጥጋቡ ያቋቋመችው ዊዝ ኪድስ፣ ፀሐይ መማር ትወዳለች በሚለው የልጆች ዝግጅት ሁላችሁም የምታውቁት፣ ጥበብ ልጃገረዶች የሚል ልዩ ኃይል ስላላቸው ሦስት ልጃገረዶች የሚተርክ ሥራ አለው። ያለዕድሜ ጋብቻን ይታገላሉ። አንዳንዱ ገጽ ትምህርት ይበዛበታል ብለን እናምናለን፤ ልጆቻችን ግን ይሻሙበታል።

ባለፈው ጊዜ ሥጋው ተበልቶ ሲያበቃ ታላቋ እናታችን እጃቸውን ሰብስበው ወደ ሳህኑ ሊነሡ ሲሉ ልጆቹ ያዟቸው። ተመልሰው ጥላው ሥር ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሐዊን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ጮክ ብለው አነበቡ። ዙሪያቸውን የነበሩት ሕፃናት ገጹ ቶሎ እንዲገለጥ ሲያስቸኩሏቸው እርሳቸው አልቸኮሉም። ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞረው ተከታዩ ቁጥር መቼ እንደሚገዛ ጠየቁን። በዘንድሮው በጀት አስገብተነዋል።