የሕፃናት የምግብ አለርጂ ምርመራ ከየት መጣ?



ሰሊጥን ከአገር ቤት እናውቀዋለን፤ እዚህ ሐደራ ግን ተሒና ሆኖ በየማዕዱ ይቀርባል። ከኦቾሎኒ የሚሠራው ባምባም በየሱቁ አለ። አንዳንድ ሕፃን እነዚህን፣ ወይም እንቁላልና የላም ወተት ሲቀምስ ሰውነቱ ያብጣል፤ ያስመልሰዋል። ሐኪሙም «ይመርመር» ይላል። የዚህን ምርመራ ታሪክ ማወቅ ከሁለት ጉዳት ያድናል፦ ከመዘናጋትና ከከንቱ ፍርሃት።

እ.ኤ.አ. በ1912 ኦስካር ሽሎስ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም እንቁላልና አጃ ሲበላ የሚታመም ልጅ ቀረበለት። ቆዳውን ጫር አድርጎ ምግቡን ቢያስነካው ቦታው አበጠ። የዛሬው የቆዳ ምርመራ መሠረቱ ይኸው ነው። ጠብታ ይደረግና ቆዳው በስሱ ይወጋል፤ ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ እብጠቱ በሚሊሜትር ይለካል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ ላይታይ ስለሚችል የሚታመነው እብጠቱ ነው። የደም ምርመራው የመጣው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው።

ይሁንና ቆዳው ያበጠ ልጅ ሁሉ ምግቡን ሲበላ ይታመማል ማለት አይደለም። ስለዚህ ውጤቱ ከወላጅ ቃል ጋር ይመዛዘናል፤ ጥርጣሬ ካለ ልጁ በሐኪም ፊት ጥቂት በጥቂት ይቀምሳል።

ፍርሃትም ጎድቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2000 ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች እስከ 3 ዓመታቸው ኦቾሎኒ እንዳይበሉ መከረ፤ በ2008 ምክሩን ተወ። በዚያው ዓመት የወጣ ጥናት የአይሁድ ልጆችን ሲያነጻጽር፣ የኦቾሎኒ አለርጂ በብሪታንያ ካሉት 1.85 በመቶውን፣ ባምባ በጨቅላነታቸው ከሚቀምሱት ከእስራኤል ልጆች ግን 0.17 በመቶውን ብቻ ይዞ ተገኘ። በ2015 የታተመ የለንደን ጥናት ደግሞ ለአለርጂ የተጋለጡ 640 ሕፃናትን አስቀድሞ በቆዳ መርምሮ ለግማሾቹ ኦቾሎኒ ሰጠ። 5 ዓመት ሲሞላቸው ከተከለከሉት ከመቶ 17ቱ፣ ከበሉት ግን 3ቱ ገደማ ብቻ አለርጂ ያዛቸው። ከተሰጣቸው ምግብ አንዱ ባምባ ነበር።

እንግዲህ ልጃችሁ በልቶት የተስማማውን ምግብ በፍርሃት አትከልክሉት፤ የታመመበትን ደግሞ ቤት ውስጥ አትሞክሩበት። ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደበላ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን እንደታየበት ጽፋችሁ ያዙ። የአለርጂ መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ከምርመራው በፊት ተናገሩ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የእናት ቃል የምርመራው ግማሽ ነውና። ልጁ ትንፋሽ ካጠረው ሳትውሉ ሳታድሩ 101 ደውሉ።