ሰይፍህን ወደ ሰገባው መልስ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። ልጁ አሁን ሶፍትዌር ይሠራል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ታሪክ ያለው ጌም ሊሠራ አስቧል፤ ገጸ ባሕሪው እየሮጠ፣ እየዘለለ፣ ገደል እየተሻገረ የሚሄድበት፣ ባለሙያዎቹ «ፕላትፎርመር» የሚሉትን ዓይነት። «ቲቸር፣ እርስዎ የታሪክ ሰው ነዎት። እንዲህ ያለውን ጌም ታላቅ የሚያደርገው ምንድን ነው?» አለኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ክፍል ውስጥ በስልኩ ሲጫወት ይዤው ስንቴ እንደተቆጣሁት እሱም አልረሳውም። ግን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው የማላውቅ ነገር አለ፤ እኔም በልጅነቴ በጌም አብጄ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1989 ዓ.ም አጎታችን በሚሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ኮምፒውተር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮው ጭር ሲል እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዞን ይሄድና እሱ ወረቀቱን ሲያገላብጥ እኛ ስክሪኑ ላይ እንተከላለን። ጌሙ «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» ይባላል። የወጣው በእነሱ 1989፣ እኛ ያገኘነው በእኛ 1989! ወንበሩ አንድ፣ ኪቦርዱም አንድ ስለሆነ ተካፈልነው። ቀስቶቹ የእኔ፣ ሺፍት የእሱ። እኔ አዘልላለሁ፣ እሱ ጠርዙን ያስይዛል። አንዳችን ከዘገየን ልዑሉ ሹል ብረት ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ጠብ ነው።

እስኪ ወደ ታሪኩ ልመልሳችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ያልተሸጡ የጌም ማሽኖች ተከማችተውበት ነበር። ለእነዚያ ማሽኖች አዲስ ጌም እንዲፈጥር የታዘዘው ሺጌሩ ሚያሞቶ የሚባል ወጣት ነው። ሰውዬው የኮምፒውተር ባለሙያ ሳይሆን የዲዛይን ሰው ነበር። መጀመሪያ ያሰበው በፖፓይ የካርቱን ገጸ ባሕሪያት ሊጠቀም ነው፤ ፈቃዱ አልተገኘም። በእነሱ ፋንታ አንድ ጎሪላ፣ አንድ አናጢና አንዲት ሴት ፈጠረ። «ዶንኪ ኮንግ» ተወለደ። አናጢው በርሜል እየዘለለ ብረቱን ወጥቶ ሴትዮዋ ጋ ሲደርስ የልብ ምልክት ይታያል፤ ወዲያው ጎሪላው ነጥቋት ወደ ላይ ይወጣል፣ ልቡም ለሁለት ይሰበራል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ንግግር የለበትም፤ ግን ለምን እንደምትዘል ታውቃለህ።

አናጢው በኋላ ማሪዮ ሆነ። በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ዝላይን እንደ ሙዚቃ አጣፈጠው። ታሪኩ ግን ከሰበብ አላለፈም፤ ልዕልቲቱ በየግንቡ መጨረሻ ላይ የለችም፣ ሌላ ግንብ ሂድ ነው።

ለውጡን ያመጣው በዚያው በ1985 በአሜሪካ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ጆርዳን ሜክነር የሚባል ወጣት ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አልብሶ «ሩጥ፣ ዝለል፣ ተንጠልጠል» እያለ ቀረጸው። ከዚያ ቪዲዮውን ምስል በምስል እያቆመ ወደ አፕል ሁለት ኮምፒውተር ገለበጠው። የሰይፍ ፍልሚያውን የወሰደው በ1938 ከተሠራው የሮቢን ሁድ ፊልም ነው። ሙዚቃውን ደግሞ አባቱ ደረሰለት። ባጭሩ የቤተሰብ ሥራ ነው። አራት ዓመት ፈጀ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ልዑሉ ክብደት ያለው ሰው ሆነ። ማሪዮ ከሰማይ ቢወድቅ ምንም አይለው፤ ይኼ ግን ከፍ ካለ ቦታ ከወደቀ ይሞታል። ሲሮጥ ለመቆም ሁለት እርምጃ ይፈልጋል። እኔና ወንድሜ ገደል ጫፍ ላይ ስናቆመው ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። ክፉው ቪዚር ጃፋር ለልዕልቲቱ የሰጣት ጊዜ አንድ ሰዓት ነው፤ የእኛም አንድ ሰዓት ነው። የእሱ ጭንቀት የእኛ ጭንቀት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሜክነር ጌሙን ሲሠራ ባልደረባው «ፍልሚያ ያስፈልገዋል» እያለች ወተወተችው። የኮምፒውተሩ ማኅደር ግን ሞልቷል፤ አዲስ ጠላት የሚሣልበት ቦታ የለም። ታዲያ ምን አደረገ? የልዑሉኑ ምስል ትንሽ አንሸራቶ በራሱ ላይ ደረበውና ጥላ የመሰለ ሰው አወጣ። ከችግር የተወለደው ይኼ ጥላ የጌሙ ነፍስ ሆነ። አራተኛው ደረጃ ላይ መንገድህን መስታወት ይዘጋዋል። ሮጠህ ዘልለህ ስታልፍበት ጥላህ በሌላው በኩል ወጥቶ ይሮጣል፣ አንተ ደግሞ ጉልበትህ ሊያልቅ ትንሽ ይቀረዋል። ከዚያ በኋላ ጥላህ ልትጠጣ የሄድክበትን መድኃኒት ቀድሞህ ይጠጣል፣ በር ይዘጋብሃል። አሥራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሰይፉን መዝዞ ፊት ለፊት ይጠብቅሃል።

እኛ እዚያ ላይ ስንት ቅዳሜ ፈጀን! እንወጋዋለን፣ እንሞታለን። እንደገና እንወጋዋለን፣ እንሞታለን። አንድ ቀን ወንድሜ እጄን ያዘና «ጋሼ፣ እሱን ስንመታው እኮ የሚቀንሰው የእኛ ነው» አለኝ። ዝም ብዬ አየሁት። «ሰይፉን አስገባው እስኪ» አለኝ። ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት ተጫንኩ። ልዑሉ ሰይፉን ወደ ሰገባው መለሰ። ጥላውም መለሰ። ተጠጋጉና አንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ባዶ የነበረውን ገደል ስንሮጥበት መሬቱ ከእግራችን ሥር እየወጣ ተሻገርን። አጎታችን ምን ሆናችሁ ብሎ ደንግጦ እስኪነሳ ጮኽን።

ልብ በሉ፤ «ከራስህ ጋር ታረቅ» የሚል ጽሑፍ አልነበረም፣ የሚመክር ሽማግሌም አልነበረም። ምክሩን ያገኘነው በጣታችን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ታላላቆቹም በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። በ1991 ፈረንሳዊው ኤሪክ ሻዪ ከሙዚቃው በቀር ብቻውን ለማለት በሚቻል ሁኔታ «አናዘር ወርልድ»ን ሠራ። አንድ ሳይንቲስት የማያውቀው ዓለም ውስጥ ይወድቃል። ነጥብ የለም፣ የጉልበት መለኪያ የለም፣ የምትረዳውም ንግግር የለም። አብሮህ ከታሰረ እንግዳ ፍጡር ጋር ወዳጅ ትሆናለህ፤ አንዴ አንተ ታድነዋለህ፣ አንዴ እሱ ያድንሃል። ያለ ቋንቋ ጓደኝነት! በ2001 ጃፓናዊው ፉሚቶ ኡዌዳ «ኢኮ» ላይ ይህን ወደ አንድ ቁልፍ አወረደው፤ ቁልፉን ተጭነህ እስከያዝክ ድረስ የልጅቷን እጅ ይዘሃል፤ ከለቀቅክ ለቀቅካት።

በ2008 የወጣው የጆናታን ብሎው «ብሬድ» ደግሞ የማሪዮን ልዕልት ገለበጣት። (ያልተጫወታችሁት ይቺን አንቀጽ ዝለሏት።) ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ትችላለህ። መጨረሻው ላይ ልዕልቲቱ ከክፉ ሰው እያመለጠች መንገድ የምትከፍትልህ ይመስልሃል። ጊዜው በትክክለኛው አቅጣጫ ሲሄድ ግን የምትሸሸው ካንተ ነው። አዳኝ ነኝ ያልከው አሳዳጅ ሆነህ ተገኘህ።

በመጨረሻም «ሰለስት»፣ 2018። ይህን ያሳየችኝ ልጄ ናት። ማዴሊን የምትባል ወጣት ጭንቀቷን ይዛ ተራራ ትወጣለች። ከመስታወት ውስጥ ሌላዋ ማንነቷ ወጥታ የራሷን እርምጃ እየደገመች ታሳድዳታለች። ልጄ ስትጫወት ከኋላዋ ቆሜ «ይቺን አውቃታለሁ!» አልኩ። ማዴሊን የምትሸሻት ማንነቷን ማሸነፍ ያቅታትና በመጨረሻ ይታረቃሉ። ሲታረቁ ምን ይሆናል መሰላችሁ? አየር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ትወነጨፍ የነበረችው ልጅ ሁለት ጊዜ መወንጨፍ ትጀምራለች። ዕርቁ ጉልበት ሆነ፤ ጣትሽ ያውቀዋል።

እንግዲህ ልጄ፣ ለጠየቅከኝ መልሴ ይኸው። ቆንጆ ሥዕልም ረጅም ንግግርም ጌሙን ታላቅ አያደርገውም። ንግግሩ የበዛበት ጌም ተጫዋቹን ከወንበሩ አስነስቶ ተመልካች ያደርገዋል። ራስህን ጠይቅ፦ ታሪኩን ሁሉ ባጠፋው ዝላዩ ብቻውን ምን ይናገራል? ፍርሃት ከሆነ ታሪክህ ገጸ ባሕሪው ክብደት ይኑረው፣ መውደቁ ይመም። ወዳጅነት ከሆነ ወዳጁን የሚይዝ ቁልፍ ይኑርህ። ለውጥ ከሆነ ተጫዋቹ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ያልቻለውን ነገር ያድርግ፤ ወይም መጀመሪያ ሲያደርገው የነበረውን ይተው። ማኅደር አነሰን፣ ገንዘብ የለንም፣ ሠዓሊ የለንም ብለህ ደግሞ አታልቅስ። ጥላው የተወለደው ከዚያ ነው።

አንዲት ነገር ጨምሬ ልዝጋ። ያ ሺፍት የሚጫነው ወንድሜ ዛሬ አሜሪካ ነው። በአባታችን ቤት ጉዳይ ተኳርፈን ስምንት ወር አልተነጋገርንም ነበር። ማን ትክክል እንደነበር እዚህ አልጽፍም፤ ሁለታችንም በደንብ ተዋግተናል፣ በመታሁት ቁጥር ግን የሚቀንሰው የእኔ ነበር። ልጄ ያን ቀን ጌሟን ስትጨርስ ስልኬን አነሳሁና «ሰይፌን አስገብቻለሁ» ብዬ ድምፅ ላክሁለት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

እዚያ ሌሊት ነበር። ሲነጋ ደወለ። «ጋሼ፣ አሥራ ሁለተኛው ደረጃ» አለና ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ መናገር አቃተን።

የቤቱ ነገር ገና አላለቀም። እየተነጋገርን ግን ነው።

እናንተስ? በልጅነታችሁ ከማን ጋር ኪቦርድ ተካፈላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ከተኳረፋችሁም ደውሉለት።