ስለ ቪታሚን ኪኒንና ስለ ልኩ

በመካነ ኢየሱስም ሆነ በአዲስ አበባ፥ ደመወዝ በወጣ ጊዜ ሰውነትን ከእርጅና ይጠብቃል የተባለውን፥ አንቲኦክሲዳንት የሚሉትን ኪኒን የሚገዛ የመሥሪያ ቤት ሰው አለ። የእስቴ ደጋ ሰው ኮሶን ያውቃል፤ ኮሶም የሚጠጣው በልክ ነበር፥ ከልክ ያለፈው ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳልና። ስለ ኪኒኑስ ልክ ማን ጠየቀ?

አትክልት አዘውትሮ የሚበላ ሰው በሳንባ ካንሰር እምብዛም እንደማይያዝ ሊቃውንት አስተውለው ነበር። ስለዚህ በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች ተመረጡ፤ ገሚሶቹም ካሮትን የሚያቀላውን ቤታ ካሮቲን በየቀኑ 20 ሚሊግራም ዋጡ። ውጤቱ በ1986 ዓ.ም. ሲገለጥ፥ በዋጡት ዘንድ የሳንባ ካንሰሩ በመቶ 18 በልጦ ተገኘ! በአሜሪካም 30 ሚሊግራም ከቪታሚን ኤ ጋራ ለአጫሾችና በአስቤስቶስ አቧራ ውስጥ ለሠሩ ሰዎች ቢሰጥ፥ ካንሰሩ በመቶ 28 ስለበለጠ ጥናቱ በ1988 ዓ.ም. ከጊዜው በፊት ተቋረጠ።

ታዲያ ኪኒን ሁሉ ከንቱ ነውን? አይደለም። በአገራችን ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000፥ ከዚያ በላይ እስከ 5 ዓመት ላለው 200,000 ዩኒት ቪታሚን ኤ በየስድስት ወሩ ይሰጣል፤ ጉድለቱ ዓይን ያጠፋልና። ይኸው መጠን ለነፍሰ ጡር ቢሰጥ ግን ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ለአዋቂ ወንድ በቀን 90፥ ለሴት 75 ሚሊግራም ቪታሚን ሲ ይበቃል፤ አንድ ብርቱካን አብዛኛውን ይሰጣል። ጉድለት እንዳለብዎ ሐኪም ካልነገረዎት፥ ገንዘብዎን ለጎመንና ለብርቱካን ያውሉት። የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ የቤታ ካሮቲኑን ኪኒን ከነጭራሹ አይንኩት።