የመመገቢያ ቱቦ አቀማመጥ ማረጋገጫ አጭር ታሪክ

መዋጥ የተሳነውን ሕመምተኛ በቱቦ መመገብ የቆየ ጥበብ ነው። ስኮትላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጆን ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1790 ከዓሣ ነባሪ አፍ በሚገኝ ተጣጣፊ ዘንግ ላይ የእባብ መሰል ዓሣ ቆዳ አልብሶ፣ የመዋጫ ጡንቻዎቹ የሰለሉበትን ሰው መግቧል። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ የኒው ኦርሊንሱ ሐኪም አብርሃም ሌቪን እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ አስተዋወቀ።

ቱቦው እየተሻሻለ ሲሄድ አንድ ጥያቄ ግን ለነርሶች ተተወ፦ ጫፉ ያረፈው ጨጓራ ውስጥ ነው ወይስ ሳንባ? ለበርካታ ዓመታት መልስ ሆኖ ያገለገለው በሲሪንጅ አየር ገፍቶ ሆድ ላይ በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ ነበር። ዘዴው ወጪ የለውም፤ ጊዜም አይወስድም፤ ተወዳጅነቱም ከዚህ የመነጨ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ድምፅ ከደረት ወደ ሆድ በቀላሉ ስለሚተላለፍ፣ ጫፉ በሳንባው የታችኛው ክፍል ቢያርፍም ያው ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ሳል አለመኖሩም ማስረጃ አይሆንም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ቱቦው ወደ አየር ቧንቧ ቢገባበትም ላይስል ይችላል፤ የመተንፈሻ ማሽኑ ቱቦ ኳስ መነፋቱም መንገዱን አይዘጋውም።

አሜሪካዊቷ የነርስ ሙያ ተመራማሪ ኖርማ መቴኒ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጥናት፣ በማዳመጥ የቱቦውን ቦታ መለየት እንደማያስተማምን አሳየች። ቡድኑ በዚያው ዘመን በቱቦው የሚሳበውን ፈሳሽ አሲድነትና መልክ መርምሯል። ልማድ ግን በአንድ ጥናት አይለወጥም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕሙማን ደኅንነት ተቋም ማዳመጥን፣ ሰማያዊ የሊትመስ ወረቀትንና የቱቦውን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ መጠበቅን በማስጠንቀቂያ ያስቀረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ያኔ በሁለት ዓመት ውስጥ 11 ሰዎች ቱቦው ያለ ቦታው በመግባቱ መሞታቸው ተመዝግቦ ነበር። በምትኩ የፒኤች ወረቀት ታዘዘ፤ ውጤቱ 5.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መመገብ ይቻላል፤ ካልሆነ ኤክስሬይ ይነሣል። ኦሜፕራዞልን የመሰሉ መድኃኒቶች የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንሱ፣ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻውን ቱቦው ስቷል አያሰኝም።

ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2011 በድጋሚ ሲያስጠነቅቅ ከቀድሞው ወዲህ 21 ሰዎች ሞተው ነበር። ዋናው ምክንያት የኤክስሬይ ንባብ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ፊልሙን የሚያነበው ባለሙያ ቱቦው የምግብ ቧንቧን ተከትሎ መውረዱን፣ የአየር ቧንቧው የሚከፈልበትን ሥፍራ በመካከል አቋርጦ ማለፉን፣ ድያፍራምን በመሐል መሻገሩንና ጫፉ ከግራው ድያፍራም በታች ማረፉን ማየት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሌላ ወጥመድ ታወቀ፦ ቦታው ሳይረጋገጥ በቱቦው ውኃ ከተላለፈ፣ ውኃው ከቱቦው ማለስለሻ ቅባት ጋር ተደባልቆ ሲሳብ የፒኤች ወረቀቱን የአሲድ ቀለም ሊያስይዘው ይችላል፤ ቱቦው ሳንባ ውስጥ ሆኖም እንኳ።