ከንድፍ ሰሌዳ ወደ ጥናት ጥያቄ፦ የአካባቢ ንድፍ የዶክትሬት ትምህርት አመጣጥ

በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የአንድ አርክቴክት ዕውቀት ለብዙ ዘመን ሲለካ የኖረው ባቆመው ሕንፃ ነበር። በመምህርነት የሚጠራውም በአብዛኛው በሥራው ዝና እንጂ በጻፈው የምርምር ጽሑፍ አልነበረም። የኬሚስትሪውና የታሪኩ ምሁር የዶክትሬትን ማዕረግ ከለመዱት በኋላ እንኳ ንድፍ ሠሪው እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ያለዚህ ማዕረግ ሙያውን ሲያካሂድ ቆይቷል። ስለዚህም ዛሬ ለዶክትሬት ትምህርት የሚያመለክት ባለሙያ የሚገጥመውን ፈተና ለመረዳት፣ ይህ ልማድ እንዴት እንደ ተለወጠ መመልከት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1939 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሚሠሩ ወጣት አርክቴክቶች፣ የከተማ ፕላን አውጪዎችና የመልክዐ ምድር ንድፍ ባለሙያዎች ቴሌሲስ የሚባል ቡድን አቋቋሙ። መነሻቸውም ቤት፣ መንገድ፣ መስክና ከተማ ለየብቻቸው ሊታሰቡ አይችሉም የሚል እምነት ነበር። በኋላም ዊልያም ዉርስተር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ሦስቱን ሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ በ1959 የአካባቢ ንድፍ ኮሌጅ እንዲመሠረት አደረገ። «የአካባቢ ንድፍ» የሚለው ስያሜም ሰው የሚኖርበትን ቦታ በጠቅላላው የሚመለከት ሆነ። በዚህ አሳብ ውስጥ የባለቤቱ የካትሪን ባወር ድርሻ ቀላል አልነበረም፤ በ1934 ስለ ዘመናዊ የመኖሪያ ቤቶች ባሳተመችው መጽሐፍ የቤት ጉዳይ የኅብረተሰብ ጉዳይ መሆኑን አስቀድማ አሳይታለች።

የጥናቱ መስክ እንዲህ ከሰፋ ዘንድ፣ የዘዴው ጥያቄ መከተሉ አይቀሬ ነበር። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና የሕንፃ ንድፍ የተማረው ክርስቶፈር አሌግዛንደር በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሕንፃ ንድፍ የዶክትሬት ማዕረግ ካገኘ በኋላ፣ የጥናቱን ውጤት በ1964 በመጽሐፍ አወጣ። በዚሁ መጽሐፍ የአንድ የሕንድ መንደር ኑሮ የሚጠይቃቸውን ነገሮች ወደ 141 ከፋፍሎ፣ የእርስ በርስ ግንኙነታቸውን በሒሳብ ዘዴ አጠና። ንድፍ ሊመረመር የሚችል ዕውቀት ነው የሚለው ክርክርም ከዚህ ወዲያ ጉልበት አገኘ፤ በ1968 የአካባቢ ንድፍ ተመራማሪዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬው ከዚያው ከመስኩ ውስጥ ተነሣ። አሌግዛንደር ራሱ በ1971 ለመጽሐፉ አዲስ እትም በጻፈው መቅድም፣ የንድፍ ዘዴን ከንድፍ ሥራ ነጥሎ ማጥናት ከንቱ መሆኑን ገለጠ። በ1973 ደግሞ ሆርስት ሪተልና ሜልቪን ዌበር የፕላን ችግሮች «እልኸኛ» መሆናቸውን አስረዱ። ይኸውም ችግሩ ቁርጥ ያለ ፍቺ የለውም፣ መፍትሔው ደኅና ወይም መጥፎ ይባላል እንጂ እውነት ወይም ሐሰት አይባልም፣ አንድ ጊዜ የተሠራ መንገድም ለሙከራ ተብሎ አይፈርስም ማለት ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ችግር ብቻውን የቆመ ከሆነ፣ ተመራማሪው ለሌላው የሚተርፍ ምን ዕውቀት ያገኛል?

ለዚህ ጥያቄ አንደኛው መልስ የተሠራውን ቦታ ተመልሶ መመርመር ሆነ። ክሌር ኩፐር በ1975 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በካሊፎርኒያ በሪችመንድ ከተማ ስለነበረው የኢስተር ሂል የመኖሪያ መንደር ስትጽፍ የአርክቴክቶቹን አሳብ ከነዋሪዎቹ ምስክርነት ጋር አስተያየች። የጥናቱ ዋጋ አዲስ ሕንፃ በማሳየቱ ሳይሆን፣ ንድፍ ሠሪው የገመተውና ነዋሪው የኖረው የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ በማስረዳቱ ነው።

የዛሬው አመልካች የሚመዘነው በዚህ ታሪክ ውስጥ በተፈጠረው ሚዛን ነው። በሙያው ዓሥር ዓመት የሠራ ሰው የሥራዎቹን ሥዕልና ፎቶግራፍ ይዞ ይቀርባል፤ መርማሪዎቹ ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት የጥናት ዓላማውን የሚገልጸውን ጽሑፍ ነው። ጥያቄው ምንድን ነው? በምን ማስረጃ ይመለሳል? በዚያ ትምህርት ቤት ጥናቱን ሊመራ የሚችል መምህር ማን ነው? የትምህርት ውጤትና የምስክርነት ደብዳቤዎች እነዚህን ይደግፋሉ እንጂ አይተኩም። ብዙ ጎበዝ ባለሙያ የሚወድቀው በችሎታ ማነስ ሳይሆን፣ ሊሠራው የሚፈልገውን ሥራ ሊያውቀው ከሚፈልገው ነገር ሳይለይ በመቅረቱ ነው። የተሻለ ቤት መሥራት ምኞት ነው፤ ሰዎች የተሠራላቸውን ቤት ለምን እንደሚለውጡት መጠየቅ ግን ጥናት ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። በ1954 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከማስተማር ጋር የግንባታ ጥናትንና የሕንፃ ዕቃዎች ምርመራን አያይዞ ነበር የተነሣው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በስፋት መሠራት የጀመሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ሰፊ የጥናት መስክ ከፍተዋል። ንድፍ ሠሪዎቹ ለማብሰያና ለእርድ ብለው ለብቻ ያቆሟቸው የጋራ መገልገያ ቤቶች ዛሬ ለምን አገልግሎት እንደ ዋሉ ማጥናት፣ በኢስተር ሂል ከተጠየቀው ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ሳለ መልሱ ግን ከሌላ አገር ሊቀዳ የማይችል ነው።

አደጋው ያለው አመልካቹ ተቀባይነት ለማግኘት ሲል የራሱን ጥያቄ ትቶ የተቀባዩን ጥያቄ ሲያነሣ ነው። በዚህ መንገድ የተገኘ ማዕረግ ለባለቤቱ ክብር ሊሆን ይችላል፤ ለሙያው የሚጨምረው ዕውቀት ግን ጥቂት ነው። ከባህር ማዶ የሚገኘው ትምህርት የመመርመሪያውን ዘዴ ይሰጣል። የሚመረመረውን ጉዳይ ግን ባለሙያው ከኖረበትና ከሠራበት ስፍራ ይዞ መሄድ ይኖርበታል።